«ልብ ወለድም ግለ ታሪክም አይደለም» ላሉን የውድድር ዳኞች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለሥነ ጽሑፍ ውድድሩ አዘጋጅ ቢሮና ለዳኞች ኮሚቴ

የተከበራችሁ አዘጋጆችና ዳኞች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ከዓረብ አገር ተመልሰን አዲስ አበባ ውስጥ አብረን መጽሐፍ የምናነብ ሴቶች ነን። ቤሩት፣ ጅዳ፣ ኩዌትና ዱባይ በኮንትራት ሠርተናል። ዓረብኛውን ሁላችንም እንናገራለን። የሚያነቡት ግን በልጅነታቸው ወሎ ወይም ጅማ መድረሳ ገብተው ፊደሉን የቆጠሩት ናቸው። እነሱ ጮክ ብለው ያነባሉ፤ ሌሎቻችን እንሰማለን። ያልገባን ቦታ ላይ እናስቆማቸዋለን። ከዚያ ጭቅጭቅ ነው። የራሳችን ጽሑፎችም የወጡት ከዚያው ጭቅጭቅ ነው። ለውድድራችሁ ያስገባነው እነሱን ነው።

አልተቀበላችኋቸውም። ውድድር ነው፤ መውደቅ ያለ ነው። ወደቅኩ ብሎ አቤቱታ የሚጽፍ ሰው እኛም ደስ አይለንም። ያስጻፈን የሰጣችሁት ምክንያት ነው። የላካችሁልን ወረቀት ጽሑፎቹ ጥሩ ናቸው ወይም መጥፎ ናቸው አይልም። ለመዳኘት አይመቹም ነው የሚለው። ምክንያቶቹን ከምናነባቸው የዓረብኛ መጻሕፍት ጋር አስተያየናቸው። አንዱም አላሳመነንም።

የመጀመሪያው «ልብ ወለድም ግለ ታሪክም አይደሉም» የሚለው ነው። እውነት ከሆነ ማስረጃ አያይዙ ብላችኋል። ፈጠራ ከሆነ ደግሞ ከራሳችሁ ሕይወት አርቁት ብላችኋል። አንዷ ጸሐፊያችን ስለ ራሷ «እሷ» እያለች መጻፏንም እንደ ጉድለት ቆጥራችሁባታል።

ከ«እሷ» እንጀምር። ግብፃዊው ደራሲ ጣሃ ሑሴን በ1889 ሚንያ አካባቢ ተወለደ (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ገና ሕፃን ሳለ ዓይኑን ታመመ፤ በመንደር ሕክምና ጨርሶ ብርሃኑን አጣ። «አል አያም» (ቀኖቹ) የተባለውን ሥራውን በ1926 በመጽሔት ላይ በተከታታይ ማውጣት ሲጀምር «እኔ» አላለም። «ልጁ» ነው ያለው። አንዳንዴም «ወዳጃችን» ይላል። አንድ ቦታ ላይ ልጁ ከቤተሰቡ ጋር ገበታ ቀርቦ ጉርሻውን በሁለት እጁ ያነሳል። ወንድሞቹ ይስቁበታል። እናቱ ታለቅሳለች። አባቱ ቀስ ብሎ «ልጄ፣ እንዲህ አይደለም የሚነሳው» ይለዋል። ከዚያ ቀን በኋላ ልጁ ሰው ፊት መብላት ያሸማቅቀዋል። ይህን በ«እኔ» ቢጽፈው ምናልባት ለቅሶ ይሆንበት ነበር። በ«ልጁ» ሲጽፈው ግን አንባቢው ገበታው ዳር ቁጭ ብሎ ያያል። ልጁ ራሱ ያላያቸውን የወንድሞቹን ፊቶች ጭምር። ያ ልጅ አድጎ በ1950 የግብፅ ትምህርት ሚኒስትር ሆኗል። «እኔ» ማለት አቅቶት አይደለም።

አሁን ወደ ማስረጃው። የእኛ ማስረጃ ፓስፖርትና ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ነበር። ሁለቱም የካፊሉ፣ ማለትም ያስመጣን አሠሪ፣ መሳቢያ ውስጥ ነበሩ። ደመወዟን የተከለከለች ሴት ደረሰኝ ከየት ታመጣለች? ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ሲመለሱ፣ ብዙዎቹ የያዙት የለበሱትን ልብስ ብቻ ነበር። በ2020 የቤሩት አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን እየጫኑ ቆንስላችን በር ላይ ሲጥሏቸው፣ የሻንጣ ነገር ራሱ እንደየዕድላቸው ነበር። ማስረጃ እንኳ ቢኖር፣ ስም ጠርታ «ይህ እኔ ነኝ» ያለችውን ባሏም ያነባታል፣ እናቷም፣ ሰፈሩም። «ልብ ወለድ ነው» ስትል ግን አፏን መክፈት ትችላለች። ሰበብ መፈለግ አይደለም። መናገሪያ መንገዱ ይኸው ስለሆነ ነው።

ዓረብ አገር ውስጥ ይህን መንገድ ያስለመዱት ከሁሉ በላይ እስረኞች ናቸው። ግብፃዊው ሰነዓላህ ኢብራሂም ከ1959 እስከ 1964 ታስሮ ወጣ። «ቲልከ አል ራኢሓ» (ያ ጠረን) የምትባል ትንሽ መጽሐፍ ጻፈ። ተራኪው ከእስር የተፈታ ሰው ነው። ማታ ማታ ፖሊስ እየመጣ ቤቱ መሆኑን ያረጋግጥና ያስፈርመዋል። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። በ1966 ስትታተም ተወረሰች፤ ግብፅ ውስጥ ሳትቆረጥ የወጣችው ከ20 ዓመት በኋላ ነው። ሶርያዊው ሙስጠፋ ኸሊፋም አለ። ከአሥር ዓመት በላይ ታስሮ፣ ከራሱ እስር ቀድቶ «አል ቀውቀዓ» (ቀፎው) የተባለውን ልብ ወለድ በ2008 አሳተመ። ተራኪው ክርስቲያን ነው፤ የታሰረው ግን የሙስሊም ወንድማማቾች አባል ነህ ተብሎ ነው። ብዕርና ወረቀት ስለሌለው ያየውን በቃሉ እየሸመደደ ይይዛል። የእስር ማዘዣህን ካላያያዝክ አናነብህም ያለው ዳኛ ስለመኖሩ አልሰማንም።

ሁለተኛው ምክንያታችሁ ያበሸቀን ነው። የአንዷን አባላችንን ጽሑፍ በቀይ እስክሪብቶ አስምራችሁ መልሳችሁላታል። ጎኑ ላይ «የኢትዮጵያዊትን ክብር የሚነካ ገበና» ተብሎ ተጽፎበታል። የተሰመረበት ቦታ ስለ ረሃብ ነው። ማዳም ፍሪጁን ቆልፋ ስትወጣ ልጅቷ ከሕፃኑ ሳህን የተረፈውን ስትልስ የሚያሳይ ነው። ሌላው የተሰመረበት ቦታ ሚስተሩ ማታ በሯን ሲያንኳኳ ነው። በዚያ ገጽ ላይ ክብር የነካ ሰው ካለ ያንኳኳው ሰውዬ ነው። እናንተ ያሰመራችሁት በእሷ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው።

ሙሐመድ ሹክሪን ብታነቡት ደስ ይለናል። በ1935 በሞሮኮ ሪፍ ተራሮች ተወለደ። የአፍ መፍቻ ቋንቋው ዓረብኛ አይደለም፣ የሪፍ አማዚግኛ ነው። ቤተሰቡ ከረሃብ ሸሽቶ ጣንጃ ከተማ ገባ። የከተማው ልጆች ከረሃብ አገር የመጣ እያሉ ይሰድቡታል። ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ የሚበላ ይፈልጋል። አባቱ በንዴት ታናሽ ወንድሙን አንገቱን ጠምዝዞ ይገድለዋል። ሹክሪ ይህን ሁሉ ጻፈው። ስርቆቱን፣ ስካሩን፣ ሴተኛ አዳሪ ቤቱን፣ ሰውነቱን ለገንዘብ የሰጠበትን ሌሊት ሳይቀር። ፊደል የቆጠረው ወደ 20 ዓመቱ ገደማ አል ዐራኢሽ ከተማ ሄዶ ከሕፃናት ጋር ነው። በኋላ መምህር ሆነ።

መጽሐፉ «አል ኹብዝ አል ሓፊ» (ወጥ አልባ ዳቦ) ይባላል። የታተመበት ቅደም ተከተል ራሱ ይገርማል። በዓረብኛ የተጻፈ ሥራ ሆኖ መጀመሪያ የወጣው በ1973 በእንግሊዝኛ ነው። ቀጥሎ በ1980 በፈረንሳይኛ ወጣ። በዓረብኛ የታተመው በ1982 ነው። በዓመቱ ሞሮኮ ውስጥ ታገደ፤ እገዳው የተነሳው በ2000 ነው። ሹክሪ የሞተው በ2003 ነው። ስለዚህ ደራሲው በሕይወት ሳለ መጽሐፉ በገዛ አገሩ በነፃነት የተነበበው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። በዚያው ዘመን በካይሮ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲም አንዲት መምህርት መጽሐፉን በማስተማሯ ወላጆች ተቆጥተው ትልቅ ጭቅጭቅ ተነስቷል። ያኔ የተባለውም እናንተ ያላችሁት ነው፤ ገበና ነው፣ ስድ ነው።

ከመካከላችን መጽሐፉን አንብበው የጠሉት አሉ። ሹክሪ ሴቶችን የሚያይበት ዓይን አስጠልቷቸዋል። እውነታቸውን ነው፤ በዚህ በኩል የሚያስቀይም መጽሐፍ ነው። ግን ከእሱ በፊት የጣንጃን የጎዳና ልጅ በዓረብኛ እንዲህ አድርጎ የሚያናግር መጽሐፍ ከየት ይመጣ ነበር? ስለ ጎዳና ልጅ ሌሎች ጽፈዋል፤ በሩቁ አዝነውለት። ሹክሪ ውስጥ ልጁ አይታዘንለትም። ይራባል፣ ይሰርቃል፣ ይሳደባል፣ ይስቃል። እኛም ሰው ሲያዝንልን ጠግበናል። የተመላሽ ሴት ታሪክ ሲባል ሁልጊዜ አንገቷን የደፋች፣ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ያደረገች ሴት ናት የምትቀርበው። አባላችን የጻፈቻት ልጅ ግን የማዳምን ሽቶ ትቀባለች፣ ስልክ ትሰርቃለች፣ በዓረብኛ ትራገማለች። እናንተ ደግሞ እሷኑ ሰረዛችኋት።

ሦስተኛው ጉዳይ አጭር ነው፤ ለእኛ ግን ከባድ ነው። አንዲት አባላችን ማንበብና መጻፍ አትችልም። ታሪኳን ነግራን ሌላዋ ጻፈችው። እናንተ «ደራሲዋ ተለይታ ያልታወቀች» ብላችሁ ከውድድሩ አስወጣችሁት። ሊባኖሳዊቷ ሐናን አል ሸይኽ ስመ ጥር ደራሲ ናት። እናቷ ካሚላ ግን ፊደል አልቆጠረችም። ከደቡብ ሊባኖስ የመጣች ድሃ ልጅ ነበረች፤ ገና በልጅነቷ ለሟች እህቷ ባል ተዳረች። የግብፅ ፊልም ትወዳለች፣ ሌላ ሰው ታፈቅራለች። በመጨረሻ ተፋታ ሁለት ሴት ልጆቿን ትታ ትሄዳለች። ከተተዉት አንዷ ሐናን ናት። እናትየው ዘመኗን ሙሉ ታሪኬን ጻፊልኝ ስትላት ኖረች። መጽሐፉ «ሒካየቲ ሸርሑን የጡል» (ታሪኬ ቢወራ አያልቅም) ተብሎ በ2005 ወጣ፤ ካሚላ ከሞተች በኋላ ማለት ነው። ከሽፋኑ ላይ የልጅቱ ስም አለ። ውስጡ ግን «እኔ» የምትለው እናትየው ናት። የተተወችው ልጅ የተወቻትን እናት ድምፅ ተውሳ ስትጽፍ ማን ደራሲ፣ ማን ባለታሪክ እንደሆነ መለየት ቀላል አይደለም። ዓረብ አንባቢ ግን ይህን ሰበብ አድርጎ መጽሐፉን አልጣለውም።

አራተኛው፦ ስለ ዓረብ አገር ሠራተኞች በአንድ ጋዜጠኛ የተጻፈ ሥራ ስላለፈ የእኛ «ተደጋጋሚ» እንደሚሆን ነግራችሁናል። ጋዜጠኛውን አንቃወምም። ሥራውን አንብበነዋል፤ ተደክሞበታል። ነገር ግን ስለ አንድ ሰው መጻፍና ያ ሰው ሲጽፍ አንድ ነው ወይ? ዓረቦቹ ራሳቸው በዚህ ጥያቄ ብዙ ተፈትነዋል። ኩዌታዊው ሳዑድ አል ሳኑሲ በ2012 «ሳቅ አል ባምቡ» (የቀርከሃ ግንድ) የተባለ ልብ ወለድ አወጣ። በ2013 የዓረብ ልብ ወለድ ዓለም አቀፍ ሽልማትን ወሰደ። ታሪኩ ከፊሊፒናዊት የቤት ሠራተኛና ከኩዌታዊ የጌታ ልጅ የተወለደ ልጅ ነው። አንድ ጊዜ ሆሴ፣ አንድ ጊዜ ዒሳ ይባላል። ማኒላ ውስጥ «ዓረቡ» ነው፣ ኩዌት ውስጥ «ፊሊፒኖው» ነው። አያቱ ከጎረቤት ዓይን ለመሰወር ከሠራተኞቹ ማደሪያ ጎን ታስቀምጠዋለች።

እኛ ይህን መጽሐፍ ወደነዋል። ያንን የቤት አሠራር ከእኛ በላይ ማን ያውቀዋል፤ የጌቶቹ በር በፊት ለፊት፣ የእኛ በጓሮ። አንዷ እያነበበች ሳለ ሌላዋ የማእድ ቤቱን በር የት እንደሆነ አስቀድማ ተናገረች። ደራሲው ደግሞ አንድ ብልሃት ሠርቷል። መጽሐፉን የጻፈው ሆሴ ራሱ ነው፤ በፊሊፒንስ ቋንቋ ጽፎት ሌላ ሰው ወደ ዓረብኛ ተረጎመው ብሎ ያስመስላል። የተርጓሚው ስም ሳይቀር ከፊት ገጽ ላይ ተጽፏል። ሁሉም ፈጠራ ነው። የኩዌት ዜጋ የሆነ ደራሲ እንኳ ስለተገፋው ልጅ ሲጽፍ ለመታመን የግለ ታሪክ ልብስ ማልበስ አስፈልጎታል። የእኛ ጽሑፍ ያንን ልብስ አልተዋሰም፤ ለብሶት የተወለደው ነው። ሌላም ነገር አለ። በመጽሐፉ ውስጥ እናትየዋ ጆሴፊን አትተርክም። እሷን የምናውቃት በልጇ በኩል ነው። ድስቱን የጣደችው፣ የተደፈነ ሽንት ቤት የከፈተችው፣ ከጌታዋ ልጅ ያረገዘችው ሴት ራሷ ብትጽፍስ ምን ትል ነበር? ይህን ጥያቄ ሊመልስ የሚችል ጽሑፍ ጠረጴዛችሁ ላይ ነበር። «ተደጋጋሚ» አላችሁት።

በደቡብ ግብፅ የሚኖሩት ኑብያውያንም ይህ ደርሶባቸዋል። በካይሮ ፊልም ውስጥ ኑብያዊው ለብዙ ዘመን በር ጠባቂ ወይም ምግብ አብሳይ ነበር፤ ንግግሩ ለሳቅ ነው። ኑብያዊው ሙሐመድ ኸሊል ቃሲም ግን እስር ቤት ሆኖ «አል ሸመንዱራ» (ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ምልክት) የተባለውን ልብ ወለድ ጻፈ። በ1968 ታተመ። በ1930ዎቹ የአስዋን ግድብ ከፍ ሲል ውሃው የበላውን የራሱን መንደር በአንድ ልጅ ዓይን ያሳያል። ከዚያ በኋላ እንደ ኢድሪስ ዓሊ ያሉ ኑብያውያን ደራሲዎች መጡ። በር ጠባቂው መናገር ጀመረ፤ ያኔ የሚያስቅ ነገር አልነበረውም።

አምስተኛውና የመጨረሻው ቅሬታችን ስለ ትርጉም ዘርፉ ነው። ደንባችሁ ከአውሮፓ ቋንቋዎች የተተረጎመ ብቻ ይቀበላል። ከዓረብኛ የተረጎምነውን ምዕራፍ ሳታነቡት መለሳችሁት። ወሎ ውስጥ ሸሆች አማርኛ መንዙማ በዓረብኛ ፊደል ሲጽፉ በኖሩበት አገር፣ ዓረብኛ እንዴት ሩቅ ቋንቋ እንደሆነ አልገባንም። ዓረብኛው ሥነ ጽሑፍ ውስጥ እኛም ራሳችን አለን። ሱዳናዊው ዐብዱልዐዚዝ በረካ ሳኪን «አል ጀንቆ»ን ጽፏል። የምሥራቅ ሱዳን የሰሊጥ እርሻ የቀን ሠራተኞች፣ የድንበር ላይ ጠላ ቤቶች፣ ከእኛ አገር የሄዱ ሴቶች ሁሉ እዚያ አሉ። በ2009 በካርቱም ተሸለመ፤ ብዙም ሳይቆይ እዚያው ታገደ። ምፅዋ ተወልዶ ጅዳ ያደገው ኤርትራዊው ሐጂ ጃቢር አለ። «ሰምራዊት» የተባለው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ጅዳ አድጎ የትም ባይተዋር ስለሆነ ኤርትራዊ ነው፤ የሰውየው ሕይወት ከደራሲው ሕይወት ጋር እጅግ ይቀራረባል። «ረግዋ ሰውዳእ» (ጥቁር አረፋ) ደግሞ ጎንደር ድረስ መጥቶ ከፈላሻ ሙራ ጋር ተቀላቅሎ እስራኤል የሚገባ ኤርትራዊ ታሪክ ነው። በ2019 ለዓረብ ልብ ወለድ ሽልማት በረጅሙ ዝርዝር ገብቷል። ጎንደር ውስጥ የሚካሄድ ታሪክ በዓረብኛ ይነበባል፣ በእንግሊዝኛ ይነበባል፣ ጎንደሬ ግን በአማርኛ ሊያገኘው ሲል ቋንቋው አልተፈቀደም ይባላል። እንግሊዝኛውን ጠብቃችሁ ከእሱ ተርጉሙ ካላችሁን፣ ሹክሪን የገጠመው መንገድ ይኸው ነበር።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

የመለሳችኋቸው ጽሑፎች እንደገና ይነበቡ። ይውደቁ ከተባለ ይውደቁ፤ ነገር ግን በአጻጻፋቸው።

በሚቀጥለው ውድድር ከራስ ሕይወት የተቀዳ ልብ ወለድ ራሱን የቻለ ዘርፍ ይኑረው። ማስረጃ አይጠየቅበት። በብዕር ስም መወዳደር ይፈቀድ፤ እውነተኛ ስም ለቢሮው በታሸገ ፖስታ ይሰጥ። ይህ የማይሆንበት ምክንያት አይታየንም።

ተነግረው የተጻፉ ታሪኮች በሁለት ስም፣ በተናጋሪዋና በጸሐፊዋ፣ ይመዝገቡ። ሽልማት ከተገኘም ለሁለቱም ይሁን።

የትርጉም ዘርፉ ለዓረብኛ ይከፈት። ዓረብኛ የሚያነብ ዳኛ ይጨመር። ሰው ካጣችሁ እናመለክታለን፤ ከእኛ ውስጥ ግን አይሁን፣ ለሐሜት አይመችም።

በቀይ የተሰመረበት ጽሑፍ ባለቤት ከቢሮው ይቅርታ በጽሑፍ ትቀበል። እሷ አልጠየቀችም። የምንጠይቀው እኛ ነን።

መልሳችሁን በደብዳቤ እንጠብቃለን። በስልክ ቢሆን ግን ሁላችንም አንሰማም፤ ብዙዎቻችን ሥራ ላይ ነን፣ አንዳንዶቻችንም ዳግም ለመሄድ ፕሮሰስ ላይ ነን። የሄዱትም ቢሆኑ መልሱን ከእኛ ይሰማሉ።

ከአክብሮት ጋር፣

ከዓረብ አገር ተመላሽ ሴቶች የንባብ ስብስብ
የስብስቡ ጸሐፊ
አዲስ አበባ